ስኳሩ የት ገባ?

ልጅ ሆኜ አንድ ጥያቄ ነበረችኝ። ስኳር ውሃ ውስጥ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ከዚያ የለም። «የት ገባ?» ስል «ሟሟ» ይሉኛል። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ስም ነው እንጂ ማብራሪያ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነበር። በጥርስ ሲነከስ ኮሽ የሚል ጠጣር ነገር፣ ምንም እሳት ሳይነካው፣ እንዴት ከዓይን ይሰወራል? ይህን ጥያቄ ዛሬም እወደዋለሁ። ከላይ ሲያዩት የልጅ ጥያቄ ነው፤ ገባ ሲሉበት ግን የውሃ ጠባይ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ አለመጥፋቱን እንይ። 100 ግራም ውሃ ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ 20 ግራም ስኳር ጨምሩበትና አማስሉ። ሚዛኑ 120 ግራም ያሳያል። ምላስም ይመሰክራል፤ ከላይም ከታችም ብትቀምሱት ጣፋጭነቱ እኩል ነው። ሳህን ላይ ገልብጣችሁ ለቀናት ብትተዉት ውሃው ይተንና ስኳሩ ሳህኑ ላይ ይቀራል። በማጣሪያ ወረቀት ብታጠልሉት ግን አንዲት ፍሬ እንኳ አታስቀሩም። ስኳሩ አለ ማለት ነው፤ የወረቀቱ ቀዳዳ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ደቅቋል እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማብራሪያ አለ። «በውሃው ሞለኪውሎች መካከል ባዶ ቦታ ስላለ ስኳሩ እዚያ ይገባል» ይባላል። ደስ የሚል ምስል ነው፤ ግን እውነት አይደለም። ስኳሩ ቦታ ይይዛል። 100 ግራም ስኳር በኩባያ ስትሰፍሩት 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሞላል፤ ግማሽ ያህሉ ግን በፍሬዎቹ መካከል ያለ አየር ነው። የስኳሩ የራሱ ይዘት 63 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ደግሞ የውሃውን መጠን በ62 ሚሊ ሊትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። የጠፋው አየሩ ነው፤ ስኳሩ ቦታውን አልለቀቀም።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ፤ ይኼኛው ከአነጋገራችን የመጣ ነው። ብዙዎቻችን «ስኳሩ ቀለጠ» እንላለን። በጨዋታ መሀል ችግር የለውም። ነገሩን ለመረዳት ስንፈልግ ግን አማርኛ ሁለት ቃል ስላለው ብንጠቀምበት ይሻላል። ሰም ይቀልጣል፣ በረዶ ይቀልጣል። መቅለጥ አንድ ነገር ብቻውን ሆኖ በሙቀት ሲፈስ ነው፤ ሌላ ረዳት አይፈልግም። መሟሟት ግን ሁለት ይፈልጋል፤ ሟሚ እና አሟሚ። ስኳርን ደረቅ ድስት ላይ ብታሞቁት የሚቀልጠው 186 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ያኔም በሰላም አይቀልጥም፤ ወዲያው እየቀላ እየጠቆረ ይሄዳል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ውሃ ውስጥ ግን 5 ዲግሪ ላይ እንኳ ይሟሟል።

እስቲ አስቡት። እሳት ከ180 ዲግሪ በላይ ሄዶ የሚሠራውን ሥራ ቀዝቃዛ ውሃ እንዴት ቻለው? ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው።

አንዲት የስኳር ፍሬ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። ጎኖቿ ልሙጥ ናቸው፣ ጠርዞቿ የተቆረጡ ይመስላሉ። አጋጣሚ አይደለም። ፍሬዋ ክሪስታል ናት፤ ውስጧ ሞለኪውሎች እንደ ግድግዳ ጡብ በረድፍ ተደርድረዋል። እዚህ ያለው ስኳር ሱክሮስ ይባላል። አንድ የሱክሮስ ሞለኪውል 12 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅን እና 11 ኦክስጅን አቶሞች አሉት፤ በድምሩ 45። ሁለት ትንንሽ ስኳሮች፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር ከሞለኪውሉ ጎን የወጡት ስምንት ጥንዶች ናቸው። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ነው። እጅ ብላችሁ ልትቆጥሯቸው ትችላላችሁ፤ ስኳር ስምንት እጅ አለው። በክሪስታሉ ውስጥ እነዚህ እጆች ጎረቤት ሞለኪውሎችን ይዘዋል። ጠጣር ያደረገውም ይህ መያያዝ ነው።

አሁን ወደ ውሃ እንምጣ። የውሃ ሞለኪውል አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ቅርጹ ነው። ሦስቱ በአንድ ቀጥተኛ መስመር አልተሰለፉም፤ 104.5 ዲግሪ ላይ ታጥፈዋል። በዚያ ላይ ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን፣ ማለትም ነጌቲቭ ቻርጅ ያላቸውን የአቶም ቅንጣቶች፣ ወደ ራሱ የሚስብ አቶም ነው። ስለዚህ የኦክስጅኑ ወገን ትንሽ ነጌቲቭ፣ የሃይድሮጅኖቹ ወገን ትንሽ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። ሞለኪውሉ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ የግራና የቀኙ ስበት ይጠፋፋ ነበር። መታጠፉ ነው ለውሃ ሁለት ወገን የሰጠው።

የአንዱ ውሃ ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ሲያገኝ ይሳሳባሉ። ይህ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። በሞለኪውል ውስጥ አቶሞችን ከሚያስረው ኃይል ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። ዘላቂም አይደለም፤ በሰከንድ ትሪሊዮንኛ በሚቆጠር ጊዜ ይገጥማል፣ ይላቀቃል፣ ከሌላ ጋር ይገጥማል። ውሃ ረግቶ ሲታይ ሰላማዊ ይመስላል። ውስጡ ግን ሁሉም እየተጋፋ፣ እየያዘ፣ እየለቀቀ ነው።

የስኳር ስምንት እጆች ደግሞ ከምን ተሠሩ? ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን። ከውሃ ጋር አንድ ዓይነት ነው! ስኳር ጎረቤቱን የያዘበት ትስስርና ውሃ ጎረቤቱን የያዘበት ትስስር ዘመዳሞች ናቸው። ለዚህ ነው ውሃ በስኳር መካከል ባዕድ የማይሆነው።

አሁን አንዲት ፍሬ ውሃ ውስጥ ወደቀች እንበል። ጥግ ላይ ያለውን ሞለኪውል ብቻ እንከታተል። መሀል ያለው በሁሉም አቅጣጫ ጓደኞች ይዘውታል፤ የጥጉ ግን ግማሽ ጎኑ ክፍት ነው። ውሃዎች ያለማቋረጥ ይመጡና ይገጩታል። አንዱ እጁ ከጎረቤቱ ለቅጽበት ሲላቀቅ አንድ የውሃ ሞለኪውል ቶሎ ይይዘዋል። ሌላኛው እጅ ሲላላ ሌላ ውሃ ይመጣል። የያዘው በለቀቀ ቁጥር ቦታውን የሚተካ ውሃ አለ። ትንሽ ቆይቶ ከክሪስታሉ ጋር ያስተሳሰረው ሁሉ አልቆ ሞለኪውሉ በውሃ ታጅቦ ይወጣል። እሱ ሲሄድ ደግሞ ቀጣዩ ጥግ ይሆናል። የስኳር ፍሬ ከጠርዞቿ እየዶለዶመች የምታልቀው ለዚህ ነው።

የእሳትና የውሃ ልዩነትም እዚህ ላይ ይታያል። እሳት ትስስሩን ለመበጠስ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ በሙቀት መክፈል አለበት። ውሃ ግን ያስለቀቀውን እጅ በራሱ እጅ ይተካል። በመለዋወጡ ዋጋው ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ሱክሮስ ሲሟሟ ከአካባቢው ጥቂት ሙቀት ይወስዳል፣ ውሃው በጣም በትንሹ ይቀዘቅዛል። በሱክሮስ አይታወቃችሁም። ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የተባለ የስኳር ዘመድ ግን ምላስ ላይ ሲሟሟ ቅዝቃዜው በደንብ ይሰማል።

ታዲያ ትርፍ ከሌለው፣ እንዲያውም ትንሽ ኪሳራ ካለበት፣ ስኳሩ ለምን ይሟሟል? ጠያቂ አንባቢ እዚህ ላይ ማቆም አለበት። መልሱ ኃይል ላይ ሳይሆን ቁጥር ላይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች 7 ተጽፎ 21 ዜሮ ቢቀጠልበት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቁልል ተደርድሮ ሊቀመጥ የሚችልበት መንገድ በጣም ጥቂት ነው። በብርጭቆው ሙሉ ተበትኖ ሊገኝ የሚችልበት መንገድ ግን ለቁጥር ያታክታል። ሞለኪውሎች ዕቅድ የላቸውም፤ ዝም ብለው ይንቀሳቀሳሉ። ዝም ብሎ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ መንገዱ ወደ በዛበት ይሄዳል። ሳይንስ ይህን የመበተን ዝንባሌ ኢንትሮፒ ይለዋል። እንግዲህ የእጅ ልውውጡ በሩን ይከፍታል፤ መበተኑ ያስወጣል።

አንድ ጊዜ ከተበተነ በኋላም አይዘቅጥም። አሸዋ ውሃ ውስጥ ብታማስሉ ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል። ስኳር ግን ክዳኑ በተዘጋ ብልቃጥ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ እንደተቀላቀለ ነው። አንድ ሞለኪውል ስለሆነ ከየአቅጣጫው የሚመጣው የውሃ ግፊት ብቻ ተንሳፍፎ እንዲኖር ይበቃዋል።

ዘይት ውስጥ ግን ስኳር ጨምሩና ሞክሩት። አይሆንም። የዘይት ሞለኪውል በአብዛኛው የካርቦንና የሃይድሮጅን ረጅም ጭራ ነው፤ ነጌቲቭና ፖዘቲቭ ብሎ የተለየ ወገን የለውም። ለስኳሩ የሚዘረጋው እጅ ስለሌለው ስኳሩ ጓደኞቹን አይለቅም። ቢማሰልም፣ ለብ ቢልም ፍሬው ታች እንደተቀመጠ ይቀራል።

ጨው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ጨው ሲሟሟ ራሱ ይከፈላል፤ ሶዲየሙና ክሎሪኑ ቻርጅ ይዘው ለየብቻ ይሄዳሉ። ስለዚህ የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስኳር አይከፈልም፤ 45ቱም አቶሞች እንደተያያዙ አብረው ይወጣሉ። በዚህ የተነሳ የስኳር ውሃ ከንጹህ ውሃ የተሻለ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

«እጅ ካለው ይሟሟል» ብላችሁ እንዳትደመድሙ ግን አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ ይኼ ነው። ጥጥ ከምን ይሠራል? ሴሉሎስ ከሚባል ነገር። ሴሉሎስስ? ከግሉኮስ። አዎ፣ ከስኳር! በሺዎች የሚቆጠሩ ግሉኮሶች በሰንሰለት ተያይዘው የተሠራ ነው። እጆቹም አሉ፤ በእያንዳንዱ ግሉኮስ ላይ ሦስት። ሆኖም ሸሚዛችሁ ዝናብ ላይ አይሟሟም። ምክንያቱ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ያሉና ጎን ለጎን የተጣበቁ መሆናቸው ነው። ውሃ አንዱን እጅ ቢያስለቅቅ እንኳ በዚያው ሰንሰለት ላይ ሺህ ሌሎች እጆች ጎረቤታቸውን ይዘዋል፤ የተላቀቀውም ተመልሶ ይያያዛል። መበተኑም ብዙ አያተርፍም፤ ሺህ ሞለኪውል አንድ ላይ ታስሮ በነጻነት መሄድ አይችልም። ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፣ ይረጥባል፣ ይህም የእጆቹ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። እንግዲህ ውሃን መውደድ ብቻውን አይበቃም፤ ከጓደኞች የመለያየቱም ነገር መታየት አለበት።

አሁን ወደ ማንኪያው እንመለስ። ሰዎች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን ያምታታሉ። አንዱ «በምን ፍጥነት?» ነው፤ ሌላው «ምን ያህል?» ነው። ማማሰል የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ፍጥነቱን ለማየት አንድ ቀላል ነገር ሞክሩ። ሁለት ብርጭቆ እኩል ቀዝቃዛ ውሃ አዘጋጁ። አንዱ ውስጥ ኩብ ስኳር ጣሉና ታች ይቀመጥ። ሌላኛውን ኩብ በክር ወይም በትንሽ ማጥለያ አንጠልጥላችሁ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ አድርጉት። አትንኳቸው። ብርሃን ከጀርባ እንዲመጣ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከተንጠለጠለው ኩብ ሥር ቀጫጭን የሚርገበገቡ መስመሮች ወደ ታች ሲወርዱ ታያላችሁ። የሚወርደው ስኳር የበዛበት ውሃ ነው። ከንጹህ ውሃ ስለሚከብድ ይዘቅጣል፤ ብርሃንንም በሌላ ልክ ስለሚያጥፍ ለዓይን ይለያል። እሱ ሲወርድ ንጹህ ውሃ ቦታውን ይይዛል፣ ኩቡም ቶሎ ያልቃል። ታች የተቀመጠው ግን በራሱ ሽሮፕ ተከቦ ይቆያል። ዙሪያው ያለው ውሃ ስለጠገበ አዲስ ሞለኪውል ለመቀበል አቅም የለውም።

ማማሰል የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ የጠገበውን ውሃ ገፍቶ ያልጠገበውን ያመጣል። ያለ ማማሰል፣ ውሃው ፍጹም የረጋ ቢሆን፣ አንድ የስኳር ሞለኪውል በሞለኪውሎች ግፊያ ብቻ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመራቅ በአማካይ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ማንኪያው የቀናት ጉዞን ወደ ሰከንዶች ያወርዳል።

ማድቀቅም ያፈጥናል። ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ አለው። በአንድ ሚሊ ሜትር ብትቆራርጡት 1,000 ትንንሽ ኩቦች ታገኛላችሁ፤ የገጻቸው ድምር 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ስኳሩ ያው ነው፤ ውሃ የሚነካው ቦታ ግን አሥር እጥፍ ሆነ። የደቀቀው ቶሎ ይሟሟል፤ ግን አንዲት ግራም አይጨምርም።

«ምን ያህል?» የሚለው ጋ ስንመጣ ቁጥሮቹ ይገርማሉ። 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ ወደ 200 ግራም ስኳር ያሟሟል። የራሱን ክብደት እጥፍ! ይህ ማለት ለአንድ የስኳር ሞለኪውል ዘጠኝ ወይም አሥር የውሃ ሞለኪውሎች ብቻ ይደርሱታል። አንድ ማንኪያ ስኳር ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ግን ለአንዱ 950 ገደማ ናቸው። ስምንት እጅ ላለው ሞለኪውል ዘጠኝ ውሃ ምን ያህል ጠባብ አጀብ እንደሆነ አስቡት። ሽሮፕ ወፍሮ የሚዝለገለገው ለዚህ ነው፤ እንደልቡ የሚንሸራተት ነጻ ውሃ የለም።

ከዚህ ሲያልፍ ሙሙቱ፣ ማለትም ስኳሩ የሟሟበት ውሃ፣ ጠገበ ይባላል። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። የጠገበ ሙሙት ሥራ አላቆመም። ሞለኪውሎች አሁንም ከክሪስታሉ ይወጣሉ፤ በዚያው ልክ ሌሎች ተመልሰው ይለጠፋሉ። የሚወጣውና የሚገባው እኩል ስለሆነ ከውጭ ሲታይ የቆመ ይመስላል። ታች የቀረውን ስኳር ቀኑን ሙሉ ብታማስሉት የማይቀንሰው ለዚህ ነው።

ሙቀት ግን ሁለቱንም ጥያቄ ይነካል። ሲሞቅ ሁሉም በፍጥነት ይጋጫልና መሟሟቱ ይፈጥናል። መጠኑም ይጨምራል፤ 100 ዲግሪ አካባቢ ያው 100 ግራም ውሃ 490 ግራም ገደማ ይይዛል። ሱክሮስ ሲሟሟ ጥቂት ሙቀት ይወስዳል ብለን አልነበር? ሙቀት ስትጨምሩ የሚፈልገውን ሰጣችሁት ማለት ነው። ጨው ግን በሙቀት ብዙም አይለወጥም፤ በክፍል ሙቀት 36 ግራም የነበረው ፈልቶም 39 ገደማ ነው።

ስኳሮችም እርስ በርስ ይለያያሉ። ፍሩክቶስ በ100 ግራም ውሃ ውስጥ በክፍል ሙቀት ከ350 ግራም በላይ ይሟሟል። ግሉኮስ በ25 ዲግሪ 90 ግራም ገደማ። የወተቱ ስኳር ላክቶስ ደግሞ 20 ግራም አካባቢ ብቻ። ላክቶስና ሱክሮስ እኮ የአቶም ቁጥራቸው አንድ ነው! የእጆቻቸውም ቁጥር እኩል ነው፤ ስምንት ስምንት። የሚለያዩት በአወቃቀራቸውና ክሪስታል ውስጥ በሚደረደሩበት መንገድ ነው። የላክቶስ ክሪስታል በቀላሉ አይለቅም። ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ አይስክሬም አንዳንዴ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚለው በውሃው ውስጥ መቆየት ያቃተው ላክቶስ ክሪስታል ሠርቶ ነው።

በሙቀት ብዙ ስኳር አሟሙታችሁ ቀስ ብላችሁ ብታቀዘቅዙት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ውሃው አሁን መያዝ ከሚገባው በላይ ይዟል፤ ግን ስኳሩ ወዲያው አይወጣም። መደርደር የሚጀምርበት ጡብ ያስፈልገዋል። ክር ብታንጠለጥሉበት፣ ክሩ ላይም ጥቂት የስኳር ፍሬ ቢኖር፣ በቀናት ውስጥ ትልልቅ ክሪስታሎች ይበቅሉበታል። ልሙጥ ጎን፣ የተቆረጠ ጠርዝ፤ በማጉያ መነጽር ያያችኋት ፍሬ ገዝፋ ተመለሰች።

ማር ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ማር ውስጥ ያለው ውሃ 17 ወይም 18 ከመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ። ይህን ሁሉ ግሉኮስ ለመያዝ ውሃው አይበቃም። ስለዚህ ቆይቶ ግሉኮሱ ነጭ ክሪስታል እየሠራ ይረጋል፤ ፍሩክቶሱ ግን ፈሳሽ ሆኖ በፍሬዎቹ መካከል ይቀራል። ብዙ ሰው የረጋ ማር ሲያይ ተበላሽቷል ወይም ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ ይጥለዋል፤ ይህ ያሳዝነኛል። መርጋቱ ብቻውን የሁለቱንም ማስረጃ አይሆንም። ብልቃጡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ አልፎ አልፎ አማስሉት። ክሪስታሎቹ ከጠርዛቸው እየዶለዶሙ ያልቃሉ፤ ማሩም ይጠራል።